ሐኪሙ አዘዘ፣ ኩፓው «አይሆንም» አለ፤ ከዚያ በኋላስ?



ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ወደ እኛ መጡ። እዚሁ አሽዶድ ብዙ ዓመት በጽዳት ሥራ የቆዩ ናቸው። ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ሕመሙ ወደ ግራ እግራቸው ወርዶ ሌሊት እንቅልፍ ነስቷቸዋል። የአጥንት ሐኪሙ አይቷቸው ኤም.አር.አይ እንዲነሡ አዘዘ። ወረቀቱም ለፈቃድ ተላከ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለ ቀጠሮው ሊጠይቁ ሲሄዱ ፔኪዳዋ ኮምፒውተሯን አየት አድርጋ «ሎ ኡሻር» አለቻቸው፤ አልተፈቀደም ማለት ነው። «እሺ፣ ቶዳ» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ይህ ከሆነ አራት ወር አልፏል። ለልጃቸው እንኳ የነገሯት በቅርቡ ነው።

እኛም ሦስት ነገር ጠየቅናቸው። እንቢ ያለው ማን ነው? ምክንያቱስ ምንድን ነው? የተጻፈውስ የት ነው? አንዱንም አያውቁም ነበር። «ኩፓው እንቢ ካለ ሰው ምን ማድረግ ይችላል?» አሉን። የዛሬው ትምህርታችን ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ነው። በየቤቱ ብዙ «ሎ ኡሻር» ተቀብሮ እንዳለ ስለምናውቅ ነገሩን ከሥሩ ብናስረዳ ይሻላል ብለናል።

በመጀመሪያ ከመስኮቱ ጀርባ ምን እንደሚካሄድ እንይ። እርስዎን ያየዎት፣ የዳሰሰዎት፣ ያነጋገረዎት ሐኪም አንድ ሰው ነው። ገንዘቡ እንዲከፈል የሚፈቅደው ግን ሌላ ሰው ነው። ሆስፒታሉ ወይም የምርመራ ቦታው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት «ሒሳቡን ኩፓው ይከፍላል» የሚል የግዴታ ወረቀት ይፈልጋል። ይህ ወረቀት ሁላችንም ስሙን የምናውቀው ቶፌስ 17 ነው። በኩፓው ውስጥ ይህን የሚያይ ክፍል አለ። በዚያም ጸሐፊዎችና አጽዳቂ ሐኪሞች ይሠራሉ። አጽዳቂው ሐኪም እርስዎን አላየዎትም፤ አያይዎትምም። የሚያየው የተላከለትን ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ ጎደሎ ከሆነ በሽታዎም በእሱ ዓይን ጎደሎ ነው።

ይህ አሠራር በራሱ ክፉ ነው አንልም። ገንዘቡ የሁላችን ነው። ደመወዝ የሚቀበል ሁሉ ታሉሹን ቢመለከት በየወሩ «ማስ ብሪኡት» ተብሎ የሚቆረጥበትን ያገኛል። ለብዙ ዓመታት ከዝቅተኛው የደመወዝ ክፍል 3.1 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ካለው 5 በመቶ ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ ትንሽ ከፍ ብሏል። ቢቱዋህ ለኡሚ ሰብስቦ ለአራቱ ኩፖት ያከፋፍለዋል፤ ለክላሊት፣ ለማካቢ፣ ለመኡሔዴትና ለለኡሚት። አንድ ሰው የማያስፈልገውን ምርመራ ሲነሣ የሌላው ወረፋ ይረዝማል። ስለዚህ የሚመዝን ሰው መኖሩ አያስከፋንም። የሚያስከፋን መዛኙ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ምክንያቱ ሳይነገር፣ በአንዲት ቃል ብቻ ሰው ከነሕመሙ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። ሕጉም ቢሆን እንዲህ አይልም።

ሕጉ በ1994 የወጣው የመንግሥት የጤና ቢቱዋህ ሕግ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 1 ቀን 1995 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ኩፓት ሆሊም አባል የሚሆነውን ሰው መርጦ መቀበል ይችል ነበር። ዛሬ ግን ነዋሪ የሆነ ሁሉ ሽማግሌም ይሁን በሽተኛ መመዝገብ መብቱ ነው፤ ኩፓውም መከልከል አይችልም። የሕጉ 3ኛ አንቀጽ ልብ ተብሎ ሊነበብ የሚገባው ነው። በሳል ሀብሪኡት ውስጥ ያለው አገልግሎት በሕክምና አስተያየት መሠረት፣ ተገቢ በሆነ ጥራት፣ በተገቢ ጊዜ ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤትም በተገቢ ርቀት እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህ ሁሉ ባለው የገንዘብ ምንጭ ልክ መሆኑንም ይጨምራል። ያችን የመጨረሻዋን ሐረግ ኩፖቱ በደንብ ያውቋታል። የፊተኞቹን አራቱን ደግሞ እኛ እንወቃቸው።

«ተገቢ ርቀት» የሚለውን እንመልከት። አሽዶድ ይህን ያህል ሕዝብ ይዛ እስከ 2017 ድረስ የራሷ ሆስፒታል አልነበራትም። ምጥ የያዛትም፣ ልቡን የታመመም ወይ ወደ ረሖቮት ካፕላን፣ ወይ ወደ አሽቀሎን ባርዚላይ ይወሰድ ነበር። በሮኬቱ ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አሱታ አሽዶድ የተከፈተው በ2017 ነው፤ የሕዝብ ሆስፒታል ነው፤ ቶፌስ 17 ይሠራበታል። ይህን የምንለው ብዙ ሰዎች «አሱታ የግል ነው፣ ለሀብታም ነው» እያሉ ስለሚፈሩት ነው። በሌሎች ከተሞች ያሉት የአሱታ ቦታዎች የግል ናቸው፤ የእኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ሆኖም ኩፓው የትኛው ሆስፒታል እንደሚልክዎት የራሱ ውል አለው። ይህም «ሄስዴሬ ብሒራ» ይባላል፤ ለአባላቱም ማሳወቅ ግዴታው ነው። አንድ ሰው በአንድ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ለክትትል ወደ ሩቅ ቦታ ቢላክ «ሕክምናዬ እንዳይቋረጥ ከጀመርኩበት ልቀጥል» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ያከመውም ሐኪም ይህን ቢጽፍለት ጥያቄው ክብደት ያገኛል።

ድንገተኛ አደጋን በተመለከተ በአጭሩ እንለፍ። ሕይወት አስጊ በሆነ ጊዜ ቶፌስ ይቅደም ተብሎ ማንም አይመለስም፤ በ1996 የወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግ ድንገተኛ ሕክምና ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዲሰጥ ያዝዛል። ሒሳቡ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። «ኩፓው እንቢ አለኝ» ሲባል ከየትኛው ኪስ የሚከፈለው እንደተከለከለ መለየት ያስፈልጋል፤ አቤቱታው የሚሄድበት ቤት የተለያየ ነውና። የመጀመሪያው ኪስ ሳል ሀብሪኡት ነው፤ የሁሉም ነው፤ በማስ ብሪኡት የሚከፈል ነው። ሁለተኛው ኩፓው በየወሩ ጨምሮ የሚያስከፍልበት ቢቱዋህ ማሽሊም ነው፤ ሻባንም ይሉታል። ይህም የጤና ሚኒስቴር ያጸደቀው ታካኖን የሚባል የደንብ መጽሐፍ አለው። በእነዚህ በሁለቱ ላይ ቅር ያለው ሰው የሚያመለክተው በጤና ሚኒስቴር ውስጥ ለዚሁ ሕግ ለተሾመው የአቤቱታ ሰሚ ነው። የሚኒስቴሩ ስልክ *5400 ነው። ሦስተኛው ኪስ ከቢቱዋህ ኩባንያ የተገዛ የግል ፖሊሳ ነው። በዚህ ላይ ጤና ሚኒስቴር ሥልጣን የለውም። የሚቆጣጠረው የካፒታል ገበያ፣ የቢቱዋህና የቁጠባ ባለሥልጣን ነው፤ በዕብራይስጥ ሬሹት ሹክ ሀሆን ይባላል።

ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። በኩፓው በኩል የምትገቡት የሲዑድ ቢቱዋህ፣ ማለትም ሰው እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ሲያቅተው የሚከፍለው፣ በላዩ የኩፓው ስም ቢጻፍበትም የሚከፍለውና እንቢ የሚለው የቢቱዋህ ኩባንያ ነው። ስለዚህ የሚያዘው በሦስተኛው ኪስ ሕግ ነው። ለጤና ሚኒስቴር ጽፈው «የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚል መልስ አግኝተው ተስፋ የቆረጡ አረጋውያን አጋጥመውናል። ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አልነበረም፤ ያንኳኩት በር ነው የተሳሳተው።

ሐኪም ያዘዘውን ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ መመዘኑ በእስራኤል ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ይህ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ለቢቱዋህ ኩባንያዎች ብለው የሐኪሞችን ትእዛዝ የሚመረምሩ የግል ድርጅቶች አሉ፤ በተለይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዙ። አንድ በፍርድ ቤት የታየ ታሪክ እናካፍላችሁ። ለእኛም ቤት ትምህርት አለውና።

በ1977 በካሊፎርኒያ አንዲት ሴት ደም ወደ እግሯ የሚወስደው የደም ሥር ተዘግቶ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ነገሩ ተበላሽቶ ደግሞ ደጋግሞ ቀዶ ጥገና አስፈለገ። ሐኪሟ ተጨማሪ 8 ቀን ሆስፒታል ትቆይ ብሎ ጠየቀ። ሕክምናዋን የሚከፍለው የድሆች የጤና መርሐ ግብር ነበር። የመርሐ ግብሩ አጽዳቂ ሐኪም ሴትዮዋን ሳያይ 4 ቀን ብቻ ፈቀደ። አራቱ ቀን ሲያልቅ ከሆስፒታል ወጣች። ቤቷ ሳለች እግሯ ባሰባት፤ ተመልሳ ገባች፤ በመጨረሻም እግሯ ተቆረጠ። ከሰሰች። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረታች፤ በይግባኝ ግን በ1986 ተረታች። የይግባኙ ፍርድ ቤት ያለው ነገር ሁለት ጎን አለው። በአንድ በኩል፣ ወጪ ለመቆጠብ የተዘረጋ አሠራር ጉድለት ኖሮበት በሽተኛን ቢጎዳ ከፋዩ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል አለ። በሌላ በኩል ግን፣ ሐኪሞቿ አራት ቀን ብቻ ሲፈቀድ አልተቃወሙም፤ እንደገና አልጠየቁም፤ እያወቀ ዝም ያለ ሐኪም ኃላፊነቱን በከፋዩ ላይ መጣል አይችልም አለ።

ይህ ፍርድ ከወጣ በኋላ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገራት አንድ በአንድ ሕግ አወጡ። መርማሪ ድርጅቶቹ ፈቃድ እንዲኖራቸው፣ እንቢ የሚለው ሙያውን የሚያውቅ ሐኪም እንዲሆን፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን እንዲወሰን፣ ይግባኝም እንዲኖር አዘዙ። በ2010 የወጣው የአገሪቱ የጤና ሕግ ደግሞ ከኩባንያው ውጭ የሆነ ገለልተኛ መርማሪ ጉዳዩን እንዲያይ መብት ሰጠ። በካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ «ሕክምናው አያስፈልግም» የሚለውን ውሳኔ ኮምፒውተር ብቻውን እንዳይሰጥ ተከልክሏል፤ ሐኪም የሆነ ሰው መወሰን አለበት። የሰው ልጅ እዚህ ደረሰ! ማሽን እንቢ እንዳይለን ሕግ አስፈለገን።

ለእኛ የሚጠቅመን ግን የሴትዮዋ ሐኪሞች ዝም ማለት ነው። «ሎ ኡሻር» ሲባል ብዙ ጊዜ ያዘዘው ሐኪም መከልከሉን እንኳ አያውቅም። በሽተኛው አልነገረውም፤ ማን ይነግረዋል? ወደ እሱ ተመልሶ «ያዘዝከውን አልፈቀዱልኝም፤ ለምን እንደሚያስፈልገኝ ጻፍልኝ» ማለት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ይህ ልመና አይደለም፤ ሐኪሙን ማስቸገርም አይደለም። የሕመሙ ታሪክ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት ተሞክሮ እንዳልሠራ፣ ፊዚዮቴራፒ ስንት ጊዜ እንደተደረገ፣ ምርመራው ቢዘገይ ምን እንደሚያስከትል የያዘ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከብዙ ጩኸት ይበልጣል።

ቀጥሎ እንቢታውን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። በመስኮቱ ላይ ወይም በስልክ የተባለ ቃል ማስረጃ አይሆንም። ዕብራይስጥ የሚጽፍ ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ እንዲህ ያለ አጭር ነገር ይጻፍላችሁ፤ «በእንዲህ ያለ ቀን በሐኪም የታዘዘልኝ ምርመራ እንዳልተፈቀደ በቃል ተነግሮኛል። ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ፣ የወሰነውም ሐኪም ስምና ሙያ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬም እንደገና እንዲታይልኝ የሐኪሜን ደብዳቤ አያይዣለሁ።» ከዚህ የረዘመ አያስፈልግም። ቅጂውን ያዙ፤ የተላከበትን ቀን ጻፉበት። ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ ያለ ሌላ ምክንያት ውሳኔው ሲገለበጥ ደጋግመን አይተናል። ወረቀት ሲመጣ አንድ ሰው ተቀምጦ ማንበብ ግድ ይሆንበታል መሰለን።

የሕመምተኞች መብት ሕግ ሁለት ነገር ይጨምርላችኋል። የሕክምና መዝገባችሁን ቅጂ ማግኘት ትችላላችሁ፤ የሌላ ሐኪም ሁለተኛ አስተያየትም መጠየቅ ትችላላችሁ። የታዘዘው መድኃኒት ወይም ሕክምና በሳሉ ውስጥ የሌለ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አይዘጋም፤ በእያንዳንዱ ኩፓ ቫዓዳት ሐሪጊም የሚባል ለተለየ ጉዳይ የሚቀመጥ ኮሚቴ አለ። ወደዚያ የሚሄደው ጥያቄ በያዘው ሐኪም እጅ መዘጋጀት አለበት። ይህ ሁሉ ካልሆነ ለአቤቱታ ሰሚው ማመልከት፣ ከዚያም አልፎ የሥራ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። የጤና ቢቱዋህ ሕግ ክርክር የሚታየው በመደበኛ ፍርድ ቤት ሳይሆን በዚህ በቤት ዲን ለዓቮዳ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ደመወዝ ሲቀር ብቻ የሚኬድበት ይመስለዋል። ነገሩ አስቸኳይ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ያለውን ሲዩዓ ሚሽፓቲ ጠበቃ ይጠይቅ። ለአረጋውያን ያድ ሪቫ አለ፤ ለማኅበረሰባችን ደግሞ ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው ጠበቃ የተባለው ድርጅት አለ።

የግል ቢቱዋህ ላይ ስንመጣ ከማንኛውም በላይ ልታውቁት የሚገባ አንድ መመሪያ አለ። በታኅሣሥ 1998 የቢቱዋህ ተቆጣጣሪው ያወጣው ነው። ኩባንያው አልከፍልም ካለ ምክንያቱን ሁሉ በመጀመሪያው ደብዳቤ በጽሑፍ መዘርዘር አለበት። በዚያ ደብዳቤ ያልጻፈውን ምክንያት በኋላ ፍርድ ቤት ሲደርስ አዲስ አድርጎ ማምጣት በመሠረቱ አይችልም። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ዛሬ «ፖሊሳህ አይሸፍንም» ብሎ፣ ያ ሲፈርስበት ነገ «ድሮ ታመህ ነበር፣ አልነገርከንም» እያለ ሰውን እንዳያደክም ያስረዋል። ስለዚህ የእንቢታው ደብዳቤ ወርቅ ነው፤ ቢያናድዳችሁም አትቅደዱት። በ1981 የወጣው የቢቱዋህ ውል ሕግ ደግሞ ኩባንያው የሚያስፈልገው ማስረጃ ከደረሰው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፍል ያዝዛል። «በመታየት ላይ ነው» እያሉ ወራት መቁጠር ሕግ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ልባችንን የሚነካው የሲዑዱ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ልጆችም ብታነቡልን እንወዳለን።

የሲዑድ ቢቱዋህ የሚመዝነው በስድስት የዕለት ተግባራት ነው፤ መነሣትና መተኛት፣ መልበስና ማውለቅ፣ ገላ መታጠብ፣ መብላትና መጠጣት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ። ከእነዚህ ቢያንስ ሦስቱን በአብዛኛው፣ ማለትም ቢያንስ ከግማሹን በራሱ መሥራት ያቃተው ሰው መብት አለው። ከሦስቱ አንሶም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተውና ሌላ አንድ ነገር ከጨመረ የሚበቃበት ፖሊሳ አለ። የመርሳት በሽታ ያለበትና አብዛኛውን ቀን ሰው ሊጠብቀው የሚገባም በሌላ በር ይገባል፤ ታሹሽ ኔፌሽ ይሉታል፤ የባለሙያ ሐኪም ማረጋገጫ ይፈልጋል።

ታዲያ ኩባንያው ገምጋሚ ወደ ቤት ይልካል። ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ይጠይቃል፤ «እስኪ ተነሥ» ይላል፤ «እጅህን ወደ ላይ አንሣ» ይላል። አሁን አንድ የምናውቃቸውን አባት እናስብ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸው ነው ጠዋት የሚያለብሳቸው፤ ሚስታቸው ናቸው የሚያጥቧቸው። እንግዳ መጣ ሲባል ግን ከማለዳ ጀምሮ ታጥበው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ይጠብቃሉ። ገምጋሚዋ ስትገባ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፤ እንግዳ ተቀምጦ አይቀበሉም! ያ መነሣት ለሁለት ቀን አልጋ ላይ እንደሚጥላቸው እሷ አታውቅም። «እንዴት ነህ?» ስትላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። «ራስህ ትታጠባለህ?» ስትላቸው የሰው ሴት ልጅ ፊት ተቀምጠው «ሚስቴ ናት የምታጥበኝ» ሊሉ ኖሯል? «አዎን፣ እታጠባለሁ» ይላሉ። ሽንት ያመልጥሃል ወይ የሚለውን ጥያቄማ ልጃቸው ባለበት አይሰሙትም። ቡናው ይፈላል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ገምጋሚዋ ደስ ብሏት ትወጣለች። ወረቀቱ ላይ ግን «ራሱን የቻለ» ተብሎ ይጻፋል። ከወር በኋላ የእንቢታ ደብዳቤ ይመጣል።

እኚህ አባት ዋሹ አንልም። ያደጉበትን ክብር ጠበቁ። ነገር ግን ያ ክብር በወረቀቱ ላይ ሌላ ትርጉም ተሰጠው። ስለዚህ ልጆች አስቀድማችሁ አባታችሁን ለብቻ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው፤ «አባባ፣ ይህች ሴት እንግዳ አይደለችም፤ እንደ ሐኪም ናት፤ የምትጠይቀው በጥሩ ቀን ስለሚሆነው ሳይሆን በየቀኑ ስለሚሆነው ነው። እርስዎ ሲቸገሩ እኔ ልናገር» በሏቸው። በግምገማው ሰዓት በየቀኑ የሚረዳቸው ሰው አብሮ ይቀመጥ። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የሚሆነውን በማስታወሻ ጻፉ፤ በስንት ሰዓት ማን አለበሳቸው፣ ስንት ጊዜ ወደቁ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሡ፣ ልብስ ስንት ጊዜ ተቀየረ። ወረቀቱን ለገምጋሚው ስጡ፤ ቅጂም ያዙ። መጸዳጃን የሚመለከተውን ሴት ልጅ ለአባቷ መናገር ካፈረች ከሐኪም የተጻፈ ማስረጃ ይናገርላት። እንቢታ ከመጣም የግምገማውን ወረቀት ቅጂ ጠይቁ፤ ከራሳችሁ የአረጋውያን ሐኪም ሌላ ግምገማ አያይዛችሁ ተቃወሙ።

ቢቱዋህ ለኡሚ የሚሰጠው ጊምላት ሲዑድ ከዚህ የተለየ መሆኑንም አትርሱ። ከኅዳር 2018 ጀምሮ ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ የራሱ መመዘኛና የራሱ የይግባኝ መንገድ አለው። አንዱ እንቢ አለ ማለት ሌላው እንቢ አለ ማለት አይደለም። አንዱን ያገኘ ሰውም ሌላውን መጠየቅ ይችላል። በየወሩ ከባንክ ለሲዑድ የሚቆረጥባቸው፣ ነገር ግን ምን እንደሆነ የማያውቁ ስንት ወላጆች እንዳሉን እናስባለን፤ ዛሬ ማታ የባንክ ወረቀቱን አብራችሁ ተመልከቱ።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር እንበል። በ2011 የጤና ሚኒስቴር ሥራ አስኪያጅ ባወጣው መመሪያ መሠረት ሆስፒታሎችና ኩፖት ለማይችሉት ሰዎች በቋንቋቸው አገልግሎት ማመቻቸት አለባቸው፤ አማርኛም አንዱ ነው። ቴኔ ብሪኡት የተባለው ማኅበርም ለዓመታት በዚህ ሲደክም ቆይቷል። የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ የአያቱን ሕመም እንዲተረጉም ማድረግ ለልጁም ለአያቱም ከባድ ነው፤ ብዙ ነገርም ይደበቃል። «ሜቱርገማን አማሪት» ብላችሁ ጠይቁ። ባይገኝ እንኳ መጠየቃችሁ በመዝገብ ይግባ።

ወደ መጀመሪያዋ እናት እንመለስ። ልጃቸው ደብዳቤውን ጻፈች። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ አንድ መስመር ነበር። ከኤም.አር.አይ በፊት ፊዚዮቴራፒ መሞከሩን የሚያሳይ ወረቀት አልተያያዘም ይላል። እሳቸው ግን ከአንድ ዓመት በፊት አሥራ ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ በሥራ ቦታቸው አጠገብ ባለ ሌላ ሚርፓኣ ስለነበረ የአጥንት ሐኪሙ አላየውም። ወረቀቱ ከዚያ ወጣ፤ ሐኪሙ አምስት መስመር ጨመረበት፤ ተላከ። ቶፌሱ በስልክ መጣ። ቀጠሮው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ መሣሪያው ቀንና ሌሊት ይሠራልና። ልጃቸው ከሥራ ወጥታ በመኪና ትወስዳቸዋለች፤ የአራቱንም ወር ወረቀት በአንድ ፕላስቲክ አድርገው ከበሩ አጠገብ አስቀምጠውታል።